ቅኔ ቤትና የዕለት ድርሰት ልማድ

በሐዋሳ ከተማ፥ በሐይቁ ዳር ከቆሙት ትልልቅ ዛፎች ሥር፥ ፀሓይ ስታዘቀዝቅ ደብተርና መጽሐፍ ይዘው የሚቀመጡ ወጣቶች አይታጡም። ከእነዚህም መካከል የጽሕፈትን ሙያ የሚወዱ፥ ግጥምም ሆነ ታሪክ አሳምረው ለመጻፍ የሚመኙ አሉ። ነገር ግን በዚህች ከተማም ሆነ በሌላው አገር ብዙ ጊዜ የሚታየው እንዲህ ነው። መስከረም ሲጠባ «ከእንግዲህ ወዲህ ዕለት ዕለት እጽፋለሁ» ተብሎ ንጹሕ ደብተር ይገዛል፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች በመልካም ጽሕፈት ይሞላሉ፤ ጥቅምት ሲጋመስ ግን ደብተሩ ከመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ይገኛል። ባለቤቱም ቢጠየቅ «እኔ ለጽሕፈት አልተፈጠርሁም፤ ጸሐፊ ከናቱ ማኅፀን ሲወጣ ነው» ብሎ ይመልሳል።

ይህ መልስ ለሰሚው ትሕትና ይመስላል፤ የአገሩ ታሪክ ግን አይመሰክርለትም። ኢትዮጵያ ድርሰትን በየዕለቱ ሥራና በየዕለቱ እርማት የሚለመድ ሙያ አድርጋ ለብዙ መቶ ዓመታት ያስተማረችበት ቤት አላት። ይኸውም ቅኔ ቤት ነው። ስለ ቅኔ ምሥጢርና ስለ ሰምና ወርቁ ብዙ ተነግሯል፤ ቅኔ ቤት ሰውን ደራሲ የሚያደርግበት የዕለት ሥርዐት ግን ከሚገባው ያነሰ ታስቦበታል። ዛሬ በወረቀትና በቀለም የሚጽፍ ሰው ከዚያ ቤት የሚማረው ብዙ ስለ ሆነ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባል።

የቅኔን መነሻ ሊቃውንት በልዩ ልዩ መንገድ ይተርኩታል። ከፊሎቹ ከቅዱስ ያሬድ ጋራ ያያይዙታል፤ ሌሎቹም በ15ኛው መቶ ዓመት ነበሩ የሚባሉትን ዮሐንስ ገብላዊንና የጎንጁን ተዋነይን የቅኔ አባቶች ያደርጋሉ። መነሻው እንዲህ በትውፊት የተሸፈነ ቢሆንም የትምህርቱ አካሄድ ግን ግልጥ ሆኖ እስከ ዛሬ ደርሷል። በጎጃም ዋሸራና ጎንጅ፥ በወሎም ዋድላ፥ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስልት ያላቸው የቅኔ ቤቶች ተብለው ይጠራሉ። ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስም ብዙ ባለ ቅኔዎችን አፍርተዋል። ወደነዚህ ቦታዎች ተማሪው አገሩን ጥሎ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ ይሄዳል፤ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከየደጁ በለመነው ቁራሽ እየኖረ፥ ከትንሽ የሣር ጎጆ ውስጥ እያደረ ይማራል።

አስቀድሞ የሚሰጠው የግሥ እርባታና የአገባብ ትምህርት ነው፤ የግእዝን ቃል ሳያውቁ በግእዝ መቀኘት አይቻልምና። ነገር ግን መምህሩ «ግሡን ሁሉ ከጨረስህ በኋላ ትቀኛለህ» ብሎ አያቈየውም። ተማሪው ጥቂት እንዳወቀ፥ ገና ሲኮላተፍ፥ ከሁሉ የሚያንሰውን ጉባኤ ቃናን እንዲቈጥር ይታዘዛል። ጉባኤ ቃና 2 ቤት ብቻ ነው። እርሱ ሲቀናለት ወደ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ ይህም 3 ቤት ነው። ቀጥሎም ወደ 5 ቤቱ ዋዜማ፥ ወደ 6 ቤቱ ሥላሴ፥ ከዚያም ወደ 8 ቤቱ መወድስ ይወጣል። አንዱን ደረጃ ሳይጠነቅቁ ወደ ሌላው መዝለል የለም። እንግዲህ የዚህ ትምህርት የመጀመሪያው ጥበብ በመጠኑ ላይ ነው። የዛሬው ባለ ደብተር በመጀመሪያው ቀን ሦስትና አራት ገጽ ሊሞላ ለራሱ ቃል ይገባል፤ የቅኔ ቤት መምህር ግን ለጀማሪው የጫነበት ሸክም ሁለት ቤት ብቻ ነው። ሁለት ቤት ሰው ታሞም፥ ተርቦም፥ አዝኖም ሊሠራው የሚችል ነው። ስለዚህ ተማሪው ለመቅረት ምክንያት አያገኝም።

የዕለቱ ሥራ በሦስት ይከፈላል። ፊተኛው ቈጠራ ነው። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጫካ ወይም ወደ ገደል ጫፍ ይወጣል፤ ደበሎውን ተከናንቦ፥ ከዛፍ ሥር ወይም ከድንጋይ ጥግ ተቀምጦ፥ ሐሳቡን ይሰበስባል። ታሪክ ይፈልጋል፤ ለታሪኩ ምሳሌ ይፈልጋል፤ ሰሙን ከወርቁ ያዛምዳል፤ ዜማውን ይለካል፤ ቤቱ መምታቱን ይመረምራል። ብራና ውድ፥ ቀለምም በድካም የሚገኝ በነበረበት ዘመን ይህ ሁሉ በልብ ይሠራ ነበር። ቃሉን በጽሕፈት ሳይሆን በኅሊናው እያነሣ እየጣለ፥ ሰርዞ ደግሞ እየተካ ይውላል።

ሁለተኛው ነገራ ነው። ተማሪው ተራውን ጠብቆ የቈጠረውን ቅኔ በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው ፊት ይናገራል። አስነጋሪ የሚባለው በትምህርቱ የገፋ፥ የታናናሾቹን ቅኔ እየሰማ እንዲያርም የተሾመ ተማሪ ነው። ሰሚው ግሡ ከተሳሳተ ግሡን፥ አገባቡ ከተፋለሰ አገባቡን፥ ምሥጢሩ ከላላ ምሥጢሩን ያርማል፤ የማይረባ ከሆነም ቅኔውን ያፈርሰዋል። ተማሪው የተሳሳተውን በዚያው ቀን፥ ሥራው ገና ከልቡ ሳይቀዘቅዝ ይሰማል። ከወር በኋላ የሚመጣ እርማት ለሌላ ሰው የተነገረ ያህል ነው፤ የዕለቱ እርማት ግን ከሥጋ ጋራ ይዋሐዳል።

ሦስተኛው ዘረፋ ነው። ዘረፋ በሌላ ስፍራ ክፉ ስም ቢሆንም በቅኔ ቤት የክብር ቃል ነው። መምህሩ በተማሪዎቹ መካከል ተቀምጦ ዐዲስ ቅኔ ከአፉ ያፈልቃል፤ ምሥጢሩንም ያብራራል። ተማሪዎቹ ቀኑን ሙሉ ከሁለትና ከሦስት ቤት ጋራ ሲታገሉ የዋሉ ስለ ሆኑ መምህሩ ያንኑ ችግር በምን ዘዴ እንዳለፈው ወዲያው ይገባቸዋል። ሳይደክሙ የሚሰሙት መልካም ድርሰት ደስ ያሰኛል፤ ደክመው የሚሰሙት ግን ያስተምራል።

ከነዚህም ሦስት ሥራዎች በላይ አንድ ጽኑ ደንብ አለ። አንድ ጊዜ የተነገረ ቅኔ ደግሞ አይነገርም። የትናንቱ ቅኔ ምንም ያህል ቢመሰገን ለዛሬ ስንቅ አይሆንም፤ የሰውን ቅኔ የራስ አስመስሎ መናገርም ታላቅ ነውር ነው። ባለ ቅኔው በበዓል ቀን በማኅሌት መካከል ሲቆም ለዚያ ቀን የሚሆነውን ዐዲስ ቅኔ እንዲያቀርብ ይጠበቃል። ይህ ደንብ ሰውን ከሁለት በሽታ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም በአንድ መልካም ሥራ ላይ ተኝቶ ከመቅረትና በአንድ መጥፎ ሥራ ተስፋ ቈርጦ ከመቅረት ነው። ትናንት የተመሰገነው ዛሬ እንደ ዐዲስ ይጀምራል፤ ትናንት ቅኔው የፈረሰበትም እንዲሁ።

ይህ ሙያ ከእጅ ጽሕፈት የተለየ መሆኑን ለማስረዳት አንድ ምስክር ይበቃል። በጎጃም ስማቸው የታወቀው እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ሥውር ነበሩ። ከአባታቸው ቅኔ ተምረው፥ ሴት ልጅ በዚህ ትምህርት እምብዛም በማትታይበት ዘመን የቅኔ መምህር ሆነው ወንዶችን አስተምረዋል። ዓይነ ሥውር ሆነው ሳሉ ደራሲነትን የተካኑት ቃልን መምረጥና ማያያዝ የሰርክ ሥራቸው ስለ ነበረ ነው። ቁም ጸሐፊውስ ብራናውን ፍቆ፥ ቀለሙን በጥብጦ፥ ብርዑን ቀርጦ የሌላውን ድርሰት አሳምሮ ይገለብጣል፤ ያም ራሱ የከበረ ሙያ ነው። ደራሲነት ግን ሌላ ነው፤ እጅን ከማስለመድ ይልቅ ኅሊናን ማስለመድን ይጠይቃል።

ሆኖም ቅኔ ቤት ነቀፋ የለበትም ማለት አይቻልም። በየቀኑ የሚቈጠረው ቅኔ ስለማይጻፍ የብዙ ሊቃውንት ድካም ከነፋስ ጋራ ሄዷል። ለዚህም ነው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. መጽሐፈ ቅኔን አሰባስበው ያሳተሙት፤ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀንበሬም በኋላ በበኩላቸው የሊቃውንትን ቅኔ ሰብስበው ለኅትመት ያበቁት። ደግሞም ቅኔው በግእዝ ብቻ ስለ ነበረ ሕዝቡ ሁሉ የሚካፈለው አልሆነም፤ አንዳንዱም ባለ ቅኔ ምሥጢር ለመሰወር ሲል ቁም ነገሩን ሰውሮት ይቀራል። ቢሆንም የትምህርቱ ጉድለት ሥራው በመጥፋቱና በመወሰኑ ላይ ነው፤ በዕለት ሥርዐቱ ላይ አይደለም። የዕለት ሥርዐቱ መልካም መሆኑ የታወቀው ከዚያ ቤት የወጡ ሰዎች በአማርኛ መጻፍ ሲጀምሩ ነው።

ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ፥ በስሙ የተጠራውም ሳምንታዊ ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. መታተም ከጀመረ በኋላ ቅኔ ያወቀው ሰው ችሎታውን ለብዙ አንባቢ የሚያሳይበት ወረቀት አገኘ። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ወጥቶ የቴአትርና የመዝሙር ደራሲ ሆነ። ሐዲስ ዓለማየሁም በጎጃም ተወልደው በዚያው አገር አድባራት ቅኔ ከተማሩ በኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ገቡ፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ ብዙ ዘመንም በመንግሥት ሥራ አሳለፉ። ፍቅር እስከ መቃብር የተባለውን መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። በወጣትነት የተለመደ ሥራ ብዙ ዘመን ቢሸፈንም እንደማይጠፋ ይህ ያስረዳል። የመጽሐፉም ባለ ታሪክ በዛብህ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማረ ሰው መሆኑ ደራሲው ያደጉበትን ቤት እንዳልረሱ ያሳያል።

የዕለት ልማድ ከአንድ ሰው ዕድሜም በላይ ሊሄድ ይችላል። የግእዝን መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከኢየሩሳሌም ጀምሮ ብዙ ዘመን ደከሙበት። ሥራው ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ አደራውን ለደቀ መዝሙራቸው ለደስታ ተክለ ወልድ ተዉት። አለቃ ደስታም መጽሐፉን በ1948 ዓ.ም. አሳተሙ፤ የራሳቸውንም ትልቅ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። መዝገበ ቃላት በአንድ ሌሊት ተነሣሥቶ የሚጻፍ መጽሐፍ አይደለም። ቃል በቃል፥ ዛሬ አንዱን ግሥ ነገም ሌላውን እያሉ ካልሆነ በቀር አይፈጸምም። ሦስት ትውልድ አንዱ ካቆመበት ሌላው እየቀጠለ ለፍጻሜ ያደረሰው ሥራ የተሠራው በየቀኑ ጥቂት በመሥራት ነው።

ይህ እውነት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው የሮም ጸሐፊ ፕሊኒ ስለ ግሪኩ ሠዓሊ ስለ አፔሌስ ሲተርክ፥ ምንም ያህል ሥራ ቢበዛበት አንዲት መሥመር ሳይስል አንድ ቀን አያልፍም ነበር ይላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1706 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በቦስተን የተወለደው ቤንጃሚን ፍራንክሊንም በወንድሙ ማተሚያ ቤት ሙያ ሲማር ስፔክቴተር የተባለውን የሎንዶን ጋዜጣ አግኝቶ ጽሕፈቱን ወደደው። የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ሐሳብ በአጭሩ ይጽፍና መጽሐፉን ይዘጋል፤ ጥቂት ቀን ቈይቶ በራሱ ቃል እንደገና ይጽፈዋል፤ ከዚያም ከመጀመሪያው ጋራ እያስተያየ ስሕተቱን ያርማል። ጊዜውም ማታ ከሥራ በኋላ ወይም ጧት ከሥራ በፊት ነበር። ፍራንክሊን የሚያስነግረው መምህር ስላልነበረው መጽሐፉን አስነጋሪ አደረገው። ጫካ የወጣው የጎንጅ ተማሪና በማተሚያ ቤት የሚሠራው የቦስተን ልጅ ሳይተዋወቁ አንድ መንገድ ሄደዋል፤ ሁለቱም ብቻቸውን ይሠራሉ፤ ሁለቱም ሥራቸውን ከሚበልጥ ሥራ ጋራ ያስተያያሉ፤ ሁለቱም በማግስቱ ይመለሱበታል።

ከዚህ ታሪክ ከተመለሱ በኋላ የሐዋሳውን ባለ ደብተር መክሰስ አይገባም። ደብተሩ አቧራ የለበሰው ተሰጥኦ አጥቶ ሳይሆን ከሦስቱ የቅኔ ቤት ሥራዎች አንዱን ብቻ ስለ ያዘ ነው። ቈጠራ ነበረው፤ ነገራና ዘረፋ ግን አልነበረውም። ማንም የማይሰማው፥ ማንም የማያርመው ድርሰት ለጥቂት ቀን ያስደስታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ስሕተቱም ልማዱም አብረው ይደነድናሉ፤ ወይም እንደ ተለመደው ይቋረጣል።

በሐዋሳ ይህ ነገር ከሌላው ከተማ ይልቅ ይከብዳል። ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቈረቈረች ወጣት ከተማ ናት። የልዩ ልዩ ሕዝብ ልጆች ይኖሩባታል፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮም የሲዳማ ክልል መዲና ናት። የሲዳምኛ ቋንቋ ከጥንት ጀምሮ የታሪክ፥ የተረትና የዘፈን ባለጠጋ ቢሆንም በጽሕፈት ሰፊ ሥራ የጀመረው በቅርብ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በግእዝ ፊደል ተጻፈ፤ ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላም በላቲን ፊደል እየተጻፈ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ። በአባትና በልጅ መካከል እንኳ ፊደል የተለወጠበት ቋንቋ ጸሐፊዎቹን ገና እያፈራ ነው። እንዲህ ያለው ቋንቋ ፈተና ሲደርስ ብቻ በሚጻፍ ወረቀት አይበለጽግም፤ በየዕለቱ ሁለት መሥመር የሚጽፉለት፥ አንዱ የሌላውን የሚያርምለት ልጆች ያስፈልጉታል። አማርኛም ቢሆን ብዙ መጻሕፍት አሉት ተብሎ ከዚህ ግዴታ ነጻ አይሆንም፤ የዱሮ ሀብቱን የሚቈጥር፥ ዐዲስ ግን የማይጨምር ቋንቋ ትናንት በተነገረ ቅኔ እንደሚኖር ተማሪ ነው።

ለዚህም ብዙ ገንዘብ፥ ትልቅ ቤት አይጠይቅም። ሦስት ወይም አራት ጓደኞች ቢስማሙ ይበቃል። እያንዳንዱ ጧት ወይም ማታ፥ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፥ ጥቂት መሥመር ይጽፋል፤ ከጽሕፈቱ ብዛት ይልቅ አለመቋረጡን ይጠነቅቃል። ማታ ተገናኝተው በየተራ ያነባሉ፤ የሚሰማው ያለ ሐሜትና ያለ ሽንገላ «ይህ ቃል ቦታው አይደለም፤ ይህ ሐሳብ አልተፈታም» ይላል። ከዚያም ከአንድ መልካም ደራሲ አንድ ገጽ ይነበባል፤ ያ ሰው እነርሱን የቸገራቸውን ነገር እንዴት እንዳለፈው ይመረመራል። በማግስቱ የትናንቱ ይቀመጣል፤ ዐዲስ ይጀመራል። የቅኔ ቤት ድካም በጠፋበት ነገር ግን ዛሬ ወረቀት አለና የተጻፈው ከነቀኑ ተጠብቆ ይቀመጥ። ከዓመት በኋላ የመስከረሙን ገጽ ከነሐሴው ጋራ የሚያስተያይ ሰው መሻሻሉን ከሌላ ሰው መስማት አያስፈልገውም።

የጎንጅ ተማሪ የሚቀመጥበት ድንጋይ በጫካ ውስጥ ነበር። ለሐዋሳ ልጅም የሐይቁ ዳር ዛፍ አለለት፤ የሚጀምረውም በሁለት ቤት ነው።